ገብስ፣ ተልባና ኮሶ፦ የገበሬው ጉልበትና የሆዱ ጤንነት

ሐምሌና ነሐሴ ለደጋው ገበሬ ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ወቅት ነው። ሥራው ከዓመቱ ሁሉ ይከብዳል፤ ጎተራው ከዓመቱ ሁሉ ይጎድላል። እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ፣ በጭቃ ውስጥ የሚደረገው ምልልስ፣ በዝናብ ሌሊት የሚደረገው የከብት ጥበቃ ሁሉ ጉልበት ይጠይቃል። በዚህ ላይ የምንጩ ውሃ በጎርፍ ይደፈርሳል፤ ዝንቡ ይበዛል፤ የሆድ ሕመም በየቤቱ ይገባል። በሬውን ጠምዶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ፣ ማዳበሪያውን አስመጥቶ የተሰናዳ ገበሬ ለአንድ ሳምንት ሆዱን ይዞ ቢተኛ ያ ሳምንት ተመልሶ አይገኝም። ዝናቡ አይጠብቀውም።

ስለዚህ የገበሬው ምግብና የሆዱ ጤንነት ለማጀት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ከዘርና ከማዳበሪያ ጋር በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊነሣ የሚገባው የምርት ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ሲነሣ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሣሉ። አንደኛው ወገን የጥንቱን ሁሉ አድንቆ «አባቶቻችን በዚህ ኖረዋል» ይላል። ሌላው ወገን የጥንቱን ሁሉ ንቆ ልጁን ከሱቅ በተገዛ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ያሳድጋል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። የእናቶቻችን የምግብ አሠራር በብዙ ነገር ትክክል መሆኑን የዘመኑ ምርምር አረጋግጦታል፤ በአንዳንድ ነገር ግን ልማዱ ሰው ይገድላል። ለማኅበር መሪዎች የሚጠቅመው ይህን ከዚያ ለይቶ ማወቁ ነው።

የገብስ ውለታ

ከገብስ እንጀምር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የእህል ዘር በሰበሰበ ጊዜ፣ የገብሱ ዓይነት ብዛት በጣም አስደንቆት ነበር። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቶሎ የሚደርሰው፣ ለቆሎ የሚሆነው ሰነፍ ገብስ፣ ለጠላ የሚሆነው፣ ለገንፎ የሚሆነው እያለ ገበሬው ለይቶ ያቆየው ዘር ነው። ከፍተኛ ደጋ ላይ ስንዴውም ጤፉም እምቢ ባለበት ብርድ ገብስ ይበቅላል። ቶሎ የሚደርሰው ዓይነት ደግሞ ሌላው እህል ገና አረንጓዴ ሳለ ደርሶ የክረምቱን ረሃብ ይሰብራል። «የእህል ንጉሥ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

የገብስ ብልሃት ግን በበሶው ላይ ይታያል። አሠራሩን የማያውቅ የደጋ ቤት ባይኖርም፣ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ማየቱ ይጠቅማል። ገብሱ ይለቀማል፤ በሙቀጫ ተፈትጎ ገለባው ይወጣል፤ ይደርቃል፤ በምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ይነፋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገር ተከናውኗል። አንደኛ እህሉ በእሳት ስለበሰለ እርሻ ላይ ያለው ሰው ማገዶ ሳይፈልግ በንጹሕ ውሃና በጨው አሽቶ ሊበላው ይችላል። ሁለተኛ በመታመሱ እርጥበቱ ስለወጣ፣ በደረቅ ዕቃ ከተያዘ ቶሎ አይሻግትም፤ ነቀዝም ቶሎ አይደፍረውም። ሦስተኛ ክብደቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። 100 ግራም የገብስ ዱቄት ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ይኸው በሶ በነጠረ ቅቤና በቅመም ታሽቶ ጭኮ ሲሆን ኃይሉ በጣም ይጨምራል፤ ቅቤ በክብደቱ ልክ ሲመዘን ከዱቄት ከሁለት እጥፍ የበለጠ ጉልበት አለውና። በአርሲ፣ በባሌና በሰላሌ መንገደኛ ጭኮ ሳይዝ የማይወጣው፣ ልጁን ለትምህርት ራቅ ወዳለ ከተማ የሚልክ ወላጅ በሶና ቆሎ በከረጢት የሚያሲዘው ለዚህ ነው።

ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚመጣም ልብ ሊባል ይገባል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ በውሃ ሲርስ የሚያዝ ዓይነት አሰር አለው። ከ100 ግራም ገብስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ግራም ያህል ይገኛል። ይህ አሰር ምግቡ ከጨጓራ ወደ አንጀት በዝግታ እንዲያልፍ፣ ስኳሩም ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል። ጧት በሶ የበላ አራሽ እስከ እኩለ ቀን ሞፈሩን የሚገፋው፣ በለስላሳ መጠጥና በነጭ ዳቦ የጀመረው ግን ረፋዱ ላይ የሚዝለው በዚህ ምክንያት ነው። አሰሩ የሆድ ድርቀትንም ይከላከላል፤ በደም ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል መጠን በመቀነስም የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብነውን እንናገር። በደቦና በወንፈል ቀን ገብሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በጠላ መልክ ነው። ጠላ ለደቦ ማድመቂያ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ክልክል ይሁን የሚልም ሰሚ አያገኝም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚያጭድ ሰው ጠላን በውሃ ፈንታ ሲጠጣ አልኮሉ ሽንቱን እያበዛ የሰውነቱን ውሃ ይቀንስበታል፤ ማጭዱም እጁን መቁረጥ ይጀምራል። ቀን ላይ ስስ ሆኖ የተበጠበጠ በሶ፣ ጠላው ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ቢቀርብ ደቦው አይደበዝዝም፤ ሥራው ግን ይፈጥናል።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ የመሬቱ ነው። በአርሲና በባሌ እንዲሁም በሌሎች የገብስ አገሮች የብቅል ገብስ አምርቶ ለፋብሪካ ማቅረብ ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል። ገበሬው ገንዘቡን መፈለጉ ተገቢ ነው። ሆኖም የብቅል ገብስና የምግብ ገብስ አንድ አይደሉም። ማሳው በሙሉ ለብቅል ሲውል የቆሎው፣ የበሶውና ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ዘር ከመንደሩ ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ከሱቅ አይገዛም። በየማኅበሩ ጥቂት ቤቶች እንኳ የየአካባቢውን የምግብ ገብስ ዘር ለይተው እንዲዘሩ፣ ለጎረቤትም በልዋጭ እንዲያቀብሉ መነጋገር ለመሪዎች የሚከብድ አይደለም። ይህን ለነገ ማሳደር ግን አይገባም።

ተልባ፦ ለሆድ ማለስለሻ፣ ለጨጓራ ግን መድኃኒት አይደለም

ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ይገባል። ቅቤና ወተት ከጾመኛው ገበታ ይነሣሉ፤ ሥራው ግን አይነሣም። በዚህ ጊዜ የቅቤውን ቦታ የሚይዙት ተልባ፣ ኑግና ሱፍ ናቸው። ከተልባ ክብደት ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ዘይት ነው፤ ከዘይቱም ከግማሽ የሚበልጠው ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ለልብና ለደም ሥር የሚበጀው ዓይነት ነው። ከመቶ ሩብ ያህሉ ደግሞ አሰር ነው። ተልባ በውሃ ሲነካ የሚያዝለገልገው ሙጫ መሰል ነገር በአንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል። የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ፣ ከተልባ ውሃ የተሻለ በቤት የሚገኝ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

አወሳሰዱ ግን ሥርዓት አለው። ተልባው ይታመሳል። ጥሬ ተልባ በጥቂቱ መርዝነት ያለው ንጥረ ነገር ስላለው እሳቱ ይቀንስለታል፤ እናቶች ሳያምሱ የማይፈጩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። የሚፈጨውም ለጥቂት ቀን የሚበቃው ብቻ ነው። ዘይቱ አየር ሲነካው ቶሎ ይበላሻል፤ መጥፎ ሽታ ያመጣ የተልባ ዱቄት መጣል አለበት። ከሁሉ በላይ ተልባ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። አንድ ማንኪያ ተልባ በአንድ ትልቅ ኩባያ ውሃ ተበጥብጦ መጠጣት አለበት። በደረቁ የሚቅመው ሰው ሆዱን ያለሰልስ መስሎት ሊዘጋው ይችላል። የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በተልባውና በመድኃኒቱ መካከል አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቅ፤ ሙጫው መድኃኒቱን ይዞ ሊያስቀረው ይችላልና።

በገጠሩ «ጨጓራዬን» የማይል ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙውም የተልባ ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። ተልባው ለጊዜው ያስታግሳል። ሆኖም አብዛኛውን የጨጓራ ቁስል የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ተሕዋስ መሆኑን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አረጋግጠው፣ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ተሕዋሱ በአገራችን በስፋት የሚገኝ ሲሆን የሚጠፋው ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት እንጂ በተልባ፣ በጤና አዳም ወይም በነጭ ሽንኩርት አይደለም። ሕመሙ የሰነበተበት፣ ሥጋው የከሳ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያስመለሰው ሰው ቢኖር ቀን ሳይቆጠር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የጤና አዳም ነገር ከተነሣ፣ ቅጠሉን በቡናና በእርጎ ጣል ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ለጤነኛ ሰው የሚጎዳ አይመስልም። ለነፍሰ ጡር ግን ጨምቆ በብዛት ማጠጣት ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል መከልከል አለበት። ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው።

እርሾና ቡና

የእንጀራው እርሾም እንደ በሶው የተደበቀ ጥቅም አለው። ጤፍና ሌላው እህል ፋይቴት የሚባል ነገር አላቸው፤ ይህም በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋል። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ የእርሾው ተሕዋስ ያንን እስር ይፈታዋል። በችኮላ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ሆድ ይሞላል፤ ከውስጡ የሚገኘው ብረት ግን ያንሳል። ጤፍ በብረት የታወቀ እህል መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈሩ የተቀላቀለ ነው። ሰውነት ይህን የአፈር ብረት እንደሚገባ አይጠቀምበትም። «ጤፍ እየበላን ደም አያንሰንም» ማለት አያዋጣም።

ይልቁንም ገበታው ላይ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጎመን ወይም ሎሚ ቢታከልበት ብረቱ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ቡና ከምግብ ጋር ተያይዞ ሲጠጣ ደግሞ ያግደዋል። ቡና ይቅር አይባልም፤ የሚለው ቢኖርም ማንም አይሰማውም። አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ብሎ መጠጣት ግን ይቻላል፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት በተቀመጡበት ጀበና ላይ ይህን ማንሣት ጥሩ ነው። ድካም የሚሰማት፣ ዓይኗ የነጣ፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ የሚመታ ሴት ሰነፍ ተብላ ብዙ ጊዜ ትሰደባለች። ያጣችው ግን ጉብዝና ሳይሆን ደም ሊሆን ይችላል።

ሽሮውም እንደዚሁ በሁለት እህል መደጋገፍ የቆመ ምግብ ነው። እንጀራው የጎደለውን የሰውነት መገንቢያ ባቄላው፣ አተሩና ሽምብራው ይሞሉታል፤ እነርሱም የሚጎድላቸውን ከእንጀራው ያገኛሉ። ከዚህ ላይ መሪዎች አጥብቀው ሊይዙት የሚገባ አንድ እህል አለ፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ መሬት በውሃ ሲተኛም ይችላል፤ ስለዚህ ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይገኛል። ችግሩም ከዚህ ይመጣል። ከዕለት ምግቡ ሲሶው ያህል ጓያ የሆነ ሰው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እግሩን ሊያሽመደምደው ይችላል፤ የተሽመደመደው እግር ደግሞ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ፣ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታ ዳውንት ይኸው ደርሷል። ብዙውን ጊዜ የሚመታውም በጉልበት ሥራ ላይ ያለውን ወጣት ወንድ ነው። ጓያውን መዘፍዘፍ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የጓያውን ድርሻ ማሳነስ አደጋውን ይቀንሳል። በመንደሩ ጓያ ብቻ የቀረው ቤት እንዳለ ከማንም በፊት የሚያውቀው የማኅበሩ መሪ ነው። ያ ቤት ጥቂት ገብስ ወይም ስንዴ በብድርም ሆነ በልዋጭ ቢያገኝ የአንድ ሰው እግር ይተርፋል።

ኮሶ፦ ዛፉ ይቆይ፣ ልክ የሌለው መጠጡ ይቅር

ምግብ ጉልበት የሚሆነው በሆድ ውስጥ ሌላ ተካፋይ ከሌለ ነው። የከብት ሥጋ በጥሬው በሚበላበት አገር ተካፋዩ የኮሶ ትል ነው። ይህ ትል ብዙ ሜትር የሚረዝም፣ እንደ ጥብጣብ የተቀጣጠለ ሲሆን ቁርጥራጩ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። አባቶች በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው በልማድ ብቻ አልነበረም። ትሉ ራሱ ሳይወጣ ቀርቶ አካሉ ብቻ ቢወርድ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ መልሶ ያድጋል፤ ሰውዬው እንደገና ጥሬ ሥጋ ቢበላም አዲሱ ትል የሚታየው ከዚያው ጊዜ በኋላ ነው። አባቶች ይህንን በመጽሐፍ ሳይሆን በልምድ ደርሰውበታል።

የኮሶው አበባ ትሉን በእውነት ያስወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ከአገራችን እያስመጡ ይጠቀሙበት ነበር። ችግሩ መጠኑ አለመታወቁ ላይ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው ኃይሉ ይለያያል። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ ዓይን ሊያጠፋና ሊገድልም ይችላል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ትሉን ያጠፋል፤ ልኩንም የጤና ባለሙያው በሰውዬው ክብደት ያዛል። መለኪያ ያለው እያለ መለኪያ የሌለውን መምረጥ ጀግንነት አይደለም።

ይህ ማለት ግን የአገር መድኃኒት ይናቅ ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነበር። እንዶዱ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተመራምረው ያሳዩት ከዚያ ተነሥተው ነው። የአገር ዕፅ ሲመረመር እንዲህ ለዓለም ይተርፋል። ኮሶም የዚህ ዓይነት ዛፍ ነው። ከፍተኛው ደጋ ላይ አፈር የሚይዝ፣ ለንብ የሚሆን፣ እንጨቱ ለሣንቃ ስለሚፈለግ በየቦታው እየተመነጠረ ያለ ዛፍ ነው። የማኅበሩ ችግኝ ጣቢያ ባሕር ዛፍ ብቻ ከሚያፈላ ጥቂት መደብ ለኮሶ ቢለቅ ቦታው አይባክንም።

ትሉን ከመንደር ማጥፋት ግን በክኒንም በአበባም አይሆንም። ዑደቱን ማየት ያሻል። ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል። ላሟ ወይም በሬው ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ በጡንቻው ውስጥ እንደ እህል ፍሬ ያሉ ነጫጭ ከረጢቶች ይሠራል። ከብቱ በቅርጫ ይታረዳል፤ ሥጋው በጥሬው ይበላል፤ ትሉም ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ያድጋል። ይህ ሰንሰለት የሚበጠሰው በሁለት ቦታ ነው፤ በመጸዳጃ ጉድጓድና በእሳት። ሥጋውን አብስሎ መብላት ለሚችል ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጥሬውን እምቢ ለማይል ቅርጫ ደግሞ ፍሬ መሳይ ነገር የታየበትን ሥጋ ቢያንስ ለቅቅል እንዲለዩት አራጆቹን ማስጠንቀቅ ይቻላል። ፍሬው ሳይታይ ሊቀር ስለሚችል ግን ማየቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። መጸዳጃው ግን ሙሉ በሙሉ የማኅበሩ ሥራ ነው። ዘጠኝ ቤት ቆፍሮ አሥረኛው ሜዳ ቢወጣ ከብቱ የሚግጠው የአሥረኛውን ነው። ሁሉም ቆፍሯል የሚለውን ሪፖርት ከመቀበል በፊት ጎራ ብሎ ጉድጓዱ በእርግጥ የሚሠራበት መሆኑን ማየት ይመረጣል፤ የእህል ማከማቻ የሆነ መጸዳጃም አልጠፋምና።

የሕፃናቱ ተቅማጥ

እስከ አሁን የተነገረው ጉልበት ስለ ማግኘትና ስለ ማጣት ነው። በክረምት ግን ከሁሉ የሚያስፈራው ሕይወት የሚነጥቀው የሕፃናት ተቅማጥ ነው። ሕፃኑን የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ውሃና ጡት ይከለክላል፤ ልጁም በውሃ ጥም ያልቃል። ሌላው ደግሞ ተቅማጡ የመጣው በጥርሱ ነው ብሎ ገና በድድ ውስጥ ያለውን የወተት ጥርስ በስለት ያስነቅላል፤ ወይም እንጥሉን ያስቆርጣል። በዚህ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ባልጸዳ ስለት ሌላ በሽታ ይተላለፋል፤ ተቅማጡም እንደነበረ ይቀጥላል። ለአራስ ልጅ ገና ጡት ሳይዝ ቅቤ ማስላስ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር ውሃ ማጠጣትም ከዚሁ የሚቆጠር ጎጂ ልማድ ነው። እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም፤ ውሃም ቢሆን። ይህ ሁሉ የሚደረገው በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። ስለዚህ ሰው በማሳፈርና በመቅጣት አይቀርም፤ የሚሻለውን በማሳየት ይቀራል።

የሚሻለውም ይኸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተቋቁሟል፤ በዚያም ኦ.አር.ኤስ. የተባለው የጨውና የስኳር ቅመም ይሰጣል። ፓኬቱ በላዩ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ልጁ በተቀመጠ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ በማንኪያ ወይም በኩባያ ይሰጠዋል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ እንደገና ይሰጠዋል። ፓኬቱ ባልተገኘበት ሌሊት ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል። ማንኪያው በአፉ ልክ ተጠርጎ የተለካ መሆን አለበት፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል፤ «ትንሽ ልጨምር» አይባልም። ከ6 ወር በላይ ለሆነው ልጅ ከዚሁ ጋር ስስ የገብስ አጥሚት መስጠቱ ይረዳል። ለታመመ ሰው አጥሚት የመስጠቱ የቆየ ልማድ በዚህ ላይ ትክክል ነበር። ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ያብሰዋል። ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም።

የልጁን ገንፎ በተመለከተ ጠላ ጠማቂ ሴቶች ከማንም የተሻለ ሊያስተምሩ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ለሕፃን የሚዘጋጀው አጥሚት እንዲቀጥን ብዙ ውሃ ይጨመርበታል፤ ልጁ ሆዱ በውሃ ይሞላል እንጂ ጉልበት አያገኝም። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ተቀላቅሎ ወፍራም ገንፎ ከተሠራ በኋላ፣ ለብ ሲል ሻጋታ ያልነካው ንጹሕ የብቅል ዱቄት በሻይ ማንኪያ ተጨምሮ ቢማሰል፣ ገንፎው ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ማፍላት ነው። ብቅሉ ጌሾ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሥራ እዚህም ሠርቶታል፤ ወፍራሙን እህል ሰብሮ ለልጁ ጉሮሮ ያመቸዋል። ልጁ በአንድ ሳህን የሚያገኘው እህልም ይበዛል።

የማኅበር መሪዎች አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባው ሌላው ነገር የሌሊቱ ጉዞ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ እንባ የሌለው፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ፣ ለመጠጣት አቅም ያጣ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው ልጅ እስኪነጋ አይጠበቅም። በነሐሴ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከሆነ በየትኛው ድልድይ እንደሚታለፍ፣ ቃሬዛው ማን ቤት እንደሚቀመጥ፣ በቅሎ ያለው ማን እንደሆነ፣ የጤና ባለሙያዋ ስልክ ማን ማን ዘንድ እንዳለ በሰኔ ሊወሰን ይችላል። በነሐሴ እኩለ ሌሊት ስብሰባ አይጠራም።

ጤና ኬላው ከኦ.አር.ኤሱ ጋር የዚንክ ክኒን ይሰጣል። ይህም ተቅማጡ በሁለተኛው ቀን ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ብዙ እናቶች ልጁ ሲጫወት አይተው በሦስተኛው ቀን ያቆሙታል። ልጁ ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ገበታ ይጨመርለት። የቀለጠው ሥጋው የሚመለሰው በዚያ ጊዜ ነውና፣ ከጎተራው የተረፈው ገብስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።